የቀያሹ መኪና ፍሪሲዮን

ጋሽ ጆሮ በሙት ሰው ይቀና ነበር። በሕያው መቅናት እንኳ ደግ ነው፤ ሕያው ሰው ያረጃል፣ ይሰክራል፣ ቃሉን ያጥፋል፣ አንድ ቀን በአደባባይ ይዋረድና ቀናተኛውን ያሳርፈዋል። ሙት ግን አይሳሳትም። የሚስቱ የመጀመሪያ ባል ካረፈ ስድስት ዓመት አልፎታል፤ በእነዚህ ስድስት ዓመታት ውስጥ አንድ ጥፋት አልተገኘበትም።

ሰውየው በሕይወት ሳለ ቀያሽ ነበር። ባለ ሦስት እግር መሣሪያውን ተክሎ መሬት ሲለካ የኖረ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ፣ እርጋታው የሚነገርለት ሰው። ጎረቤቱ ሁሉ "ነፍሱን ይማረውና" ብሎ ይጀምርና በምስጋና ይጨርሳል። ነፍሱን ይማረውና ይህን አጥር ያቆመው እሱ ነው። ነፍሱን ይማረውና በእሱ ጊዜ ይህ በር ጮኾ አያውቅም። ጋሽ ጆሮ በዚያው በር መግባትና መውጣት ከጀመረ አራት ዓመት ሆኖታል፤ ማጠፊያውን ሁለት ጊዜ ዘይት አጠጥቷል፤ አንድ ሰው እንኳ "እጅህ ይባረክ" አላለውም።

ከሁሉ የባሰችው ግን መኪናዋ ነበረች። ግቢው ጥግ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር የምትቆም፣ በዕድሜ ከጋሽ ጆሮ ጥቂት ብቻ የምታንስ ሰማያዊ አሮጌ መኪና ናት። መብራቶቿ ክብ፣ መሪዋ እንደ ትልቅ ትሪ የሰፋ፣ መቀመጫዋ በእጅ የተሰፋ ቆዳ ነው። ቀያሹ በጎረምሳነቱ ገዝቷት እስኪሞት ድረስ ነድቷታል። አሁን የምትነዳት ሚስቱ ናት፤ ማለት የእሱ የነበረችው፣ አሁን የጋሽ ጆሮ የሆነችው። ይህን "የነበረች" የሚል ቃል ጋሽ ጆሮ በልቡ ደጋግሞ ቢያሰላስለውም እምብዛም አያጽናናውም ነበር።

ሚስቱ አዋላጅ ናት። ምጥ ቀጠሮ አያውቅምና ስልኩ ሲጮኽ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወደ ሰማያዊቷ ትሮጣለች። የመኪናዋን ዘይት ራሷ ትለካለች፤ ውሃዋን ራሷ ትሞላለች። አንድ ቀን ጋሽ ጆሮ መስታወቱን ሊወለውል ጨርቅ ቢያነሳ "ተወው፣ እኔ አደርገዋለሁ" ብላ ጨርቁን ከእጁ ወሰደችው። አነጋገሯ የፍቅር ነበር። ጨርቁን ግን ወሰደችው።

ይህ እንግዲህ የሆነው በሌላ በማንም አይደለም፤ በጋሽ ጆሮ ነው። መኪና ያለው ሰው ሁሉ የሚያውቀው መካኒክ ነው። ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው፤ መኪና ገና የጋራዡን በር ሲያልፍ ድምፁን ሰምቶ፣ የሻይ ብርጭቆውን ሳያስቀምጥ፣ "የኋላ ኩሽኔታ ነው" ወይም "ፖምፓው ደክሟል" ብሎ ይፈርዳል። ኮፈን ከፍቶ ማየት ጆሮ ለሌላቸው መካኒኮች የተተወ ሥራ ነው ብሎ ያምናል። ቀልደኛም ነው፤ የማይድን መኪና ሲመጣ ቆቡን አውልቆ ራሱን ዝቅ ያደርጋል፣ ጋራዡም በሳቅ ይሞላል። አብዛኛውን ጊዜ ፍርዱ ልክ ነው። ልክ ሳይሆን ሲቀር ደግሞ የሚነግረው የለም፤ ሰው ዝም ብሎ ወደ ሌላ ጋራዥ ይሄዳል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ።

ታዲያ የአገሩ መኪና ሁሉ የሚሰለፍለት እጅ በገዛ ግቢው የቆመችውን መኪና አይነካም። ለምን ብሎ ሚስቱን ጠይቋት አያውቅም፤ መልሱን የሚያውቅ መስሎታል። ሰውየው እዚያች መኪና ውስጥ አለ። ማበጠሪያው እንኳ እስከ ዛሬ በበሩ ኪስ ውስጥ እንደተሰካ ነው፤ ጋሽ ጆሮ በመስኮት አይቶታል። እሱ ራሱ በራ ነውና ማበጠሪያ ከተወ ዘመን አልፎታል፤ ቢሆንም በማበጠሪያውም ቀና። ይህች መኪና ከግቢው ካልወጣች እሱ በዚህ ቤት የእንግዳ ያህል እንደሆነ ይቀራል፤ ነገሩ ይኸው ነው፣ ሌት ተቀን ሆዱን የሚበላውም ይኸው ነው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጢሙን እየተላጨ ሳለ ሚስቱ ሞተር ስታስነሳ ሰማ። ቀጥሎ የኋላ ማርሽ ልታስገባ ስትሞክር ብረት ከብረት ተፋጭቶ አጓራ። እንደገና ሞከረች፤ እንደገና አጓራ። በሦስተኛው ሞተሩን አጠፋችው። የጋሽ ጆሮ ልብ ዘለለ፤ በደስታ እንደዘለለ ራሱም ያውቃል። ትንሽ አፈረ፣ ግን ዘለለ።

የሳሙናውን አረፋ ከጉንጩ ሳይጠርግ ወጣ። ሚስቱ ፔዳሉን ወለል ድረስ ብትረግጠውም ማርሽ አልገባ እንዳላት ልታስረዳው ጀመረች፤ አላስጨረሳትም።

"ካምቢዮው ነው" አላት። "አልቋል። የዚህ ዕቃ ደግሞ አይገኝም። አሮጌ መኪና የሚሰበስብ አንድ ሰው ጋራዥ ይመጣል፤ ሽጪለትና እንገላገል።"

እንገላገል ማለቱን ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው የሰማው። ሚስቱ ረዘም ላለ ጊዜ ፊቱን አየችው፤ የተቆጣች አትመስልም፣ አንድ ነገር የምትቆጥር ትመስል ነበር። ከዚያ ቁልፉን ነቅላ ኮፈኑ ላይ አስቀመጠችው።

"ግባና እየው" ብላ ወደ ቤት ገባች።

አራት ዓመት የተመኘው ነገር እንዲህ እንደ ዋዛ በእጁ ወደቀ። ፊቱን ታጥቦ፣ ቱታውን ለብሶ፣ የመሣሪያ ሣጥኑን ይዞ ተመለሰ። መጀመሪያ ሞተሩን ሳያስነሳ በመስኮት እጁን አስገብቶ የማርሹን ዘንግ ነካካው። አንደኛ ገባ፤ ሁለተኛ ገባ፤ የኋላውም ሳይቀር እንደ ቅቤ ገባ። ጋሽ ጆሮ ፊቱ ጠቆረ። ሞተር ሲጠፋ ማርሹ እንዲህ ከገባ ካምቢዮው፣ ማለት የማርሹ ሣጥን፣ ጤነኛ ነው፤ ይህን ማንም ጀማሪ ያውቀዋል። የታመመው ፍሪሲዮኑ ነው፤ ፔዳሉ ሲረገጥ ሞተሩን ከካምቢዮው አልነጥል ብሏል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሰይጣን መጣና አጠገቡ ቁጢጥ አለ። ማንም አላየህም፣ አለው። ገብተህ "አይቼዋለሁ፣ ካምቢዮው ነው" በላት፤ በሳምንቱ ይህች ቆርቆሮ መኪና ከግቢህ ትወጣለች፣ ሰውየውም አብሯት ይወጣል። ጋሽ ጆሮ ሐሳቡን ወዲያው አላባረረውም፤ እንዲያውም አገላብጦ አየው። በዕድሜው ብዙ ዋሽቷል፤ ለአባቱ ዋሽቷል፣ ለአከራዮቹ ዋሽቷል። በመኪና ግን ዋሽቶ አያውቅም። እስኪ በሽታውን ልወቀውና ከዚያ ልወስን ብሎ ራሱን ሸነገለው።

ኮፈኑን ከፈተ። የፍሪሲዮኑ ዘይት መያዣ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ የሚፈስ ነገር የለም። ገብቶ ፔዳሉን ደጋግሞ ረገጠው፤ በቧንቧው ውስጥ አየር ቢኖር በተረገጠ ቁጥር እየጠነከረ ይመጣ ነበር፣ አልጠነከረም። ረግጦ ያዘው፤ ፖምፓው ውስጥ ያለችው ጎማ ተበልታ ቢሆን ፔዳሉ ቀስ እያለ ይሰምጥ ነበር፣ አልሰመጠም። የመጥረጊያ እንጨት አምጥቶ በመቀመጫውና በፔዳሉ መካከል ወጥሮ ከመኪናዋ ሥር ተንሸራተተ። ፔዳሉ ወለል ድረስ ወርዶ ሳለ፣ ከታች ፍሪሲዮኑን የሚገፋው ክንድ ከጥፍር ውፍረት በላይ አልተንቀሳቀሰም። ላይ ብዙ ይረገጣል፣ ታች እምብዛም አይደርስም። መንገድ ላይ የሚበላው ማነው?

አሁን ቅናቱን ረስቶት ነበር፤ ሥራ እንዲህ ያደርጋል። እንጨቱን አንስቶ ፔዳሉን በእጁ ቀስ አድርጎ ገፋው። የመጀመሪያው ግማሽ መንገድ ባዶ ነው፤ ምንም ሳይገፋ ዝም ብሎ ይወርዳል። እንግዲህ በሽታው ከዘይቱ በፊት ነው፤ ፔዳሉ ከፖምፓው ዘንግ ጋር የሚገናኝበት ቦታ። እዚያ ለማየት ደግሞ አንድ መንገድ ብቻ አለ። የሃምሳ ስምንት ዓመቱ ሰው እግሮቹን በመቀመጫው መደገፊያ ላይ ሰቅሎ፣ በጀርባው ተንጋሎ፣ ጭንቅላቱን ከመሪው ሥር ከፔዳሎቹ መሐል ቀበረ። የእጅ ባትሪውን በጥርሱ ነክሶ ወደ ላይ አበራ።

ሚስማር ነበር።

ፔዳሉን ከዘንጉ የሚያጋጥመው የጣት ውፍረት ያለው ብረት መሆን ሲገባው፣ በቦታው የግድግዳ ሚስማር ገብቷል። ጫፉ ተቆልምሟል፤ ተንሸራትቶ እንዳይወጣም በነጭ ክር ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል። ክሩ ዛሬ ላልቷል፤ ሚስማሩ መሐሉ ተበልቶ ጎብጧል፣ ቀዳዳውንም እያፋጨ እንደ እንቁላል አሹሎታል። የጠፋው እርምጃ ሁሉ የሚጠፋው እዚያ ነው።

ጋሽ ጆሮ እዚያው እንደተንጋለለ ሳቀ፤ ባትሪው ከጥርሱ ወድቆ ግንባሩን መታው፣ ቢሆንም ሳቀ። አየህ ሰውየውን! መሬት በክንድና በስንዝር የሚለካው፣ አጥር የሚያቀናው፣ በር የማያስጮኸው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ለሚስቱ መኪና ሚስማር ከትቶ ነው የሞተው። አራት ዓመት የፈለገው ጥፋት ይኸው ተገኘ። ከእንግዲህ መዋሸት ምን ያደርጋል? እውነቱ ከውሸቱ በለጠለት። ክሩን በጥሶ ሚስማሩን ነቅሎ፣ ሙት ወቃሽ እንዳይባል ፊቱን ለማኮሳተር እየሞከረ ወደ ቤት ገባ።

ሚስቱ ጠረጴዛው ላይ ንጹሕ ጨርቅ ዘርግታ መቀሶቿን ትደረድር ነበር። ሚስማሩን ከክሩ ቁራጭ ጋር ከመቀሶቹ ጎን አስቀመጠላት። ካምቢዮው ደህና መሆኑን ነገራት፤ የተሳሳተበትን ቶሎ አልፎ ወደሚጣፍጠው ሄደ። ይህ ነገር ገዳይ መሆኑን፣ በቁልቁለት ላይ ቢበጠስ ምን ይከተል እንደነበር፣ እሱ ጋራዥ ውስጥ አንድ ሠራተኛ እንዲህ ቢሠራ በዚያው ቀን እንደሚያባርረው አስረዳት። እየተናገረ ሄደ፣ እየተናገረ ሲሄድ ድምፁ ከፍ አለ።

"ሙት መውቀስ አልወድም" አለ በመጨረሻ። "ግን ባልሽ በሚስማር ነበር የሚያስነዳሽ።"

ሚስቱ ሚስማሩን አንስታ አገላበጠችው። ክሩን በሁለት ጣቷ ይዛ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋችው፤ ከዚያ ከቦርሳዋ አንዲት ጥቅል አውጥታ ፊቱ አስቀመጠች። ያው ነጭ ክር ነው። የሕፃን እትብት የምታስርበት።

"እሱ አይደለም የከተተው" አለች። "እኔ ነኝ።"

ጋሽ ጆሮ ጥቅሉንና በሚስማሩ ላይ የቀረውን ክር አስተያየ።

"ከተቀበረ በሦስተኛው ሳምንት ነው" አለች፤ ድምጿ ስለ ሌላ ሰው የምታወራ ይመስላል። "አንዲት ልጅ ምጥ ይዟታል፣ መኪናዋ ማርሽ አልገባ አለችኝ። እያስጓራሁ አንድ ጋራዥ ደረስኩ። ጥቁር ለብሻለሁ። የመካኒኮቹ አለቃ ሻይ ይዞ ቆሟል። ኮፈን አልከፈተም፣ ወደ ውስጥ አላየም። ቆቡን አወለቀና 'እህቴ፣ ካምቢዮው አልቋል፤ ይሄ መኪና ከባለቤቱ ጋር አብሮ ሞቷል፣ ሽጪው' አለኝ። ሰዎቹ ሳቁ።"

መጀመሪያ የተሰማው ቁጣ ነበር፤ ማነው ይህ ባለጌ ሊል ነበር። ከዚያ ብርጭቆው፣ ቆቡ፣ ሳቁ አንድ በአንድ ወደ ልቡ ገቡ። ሴትየዋን ሊያስታውስ ሞከረ፤ አልቻለም። ጥቁር የለበሱ ሴቶች፣ የሚያጓሩ መኪኖች፣ ያወለቃቸው ቆቦች ስንት ናቸው? አንዱንም አላስታወሰም። ያላስታወሰ መሆኑ ከነገሩ ሁሉ ይበልጥ አሳፈረው።

የቀረውን በጥቂት ቃል ነገረችው። ከጋራዡ ወጥታ መንገድ ዳር እንዳለቀሰች፣ መኪናዋን በመጀመሪያ ማርሽ እያስጎተተች ቤት እንዳደረሰች፣ እሱ ዛሬ እንዳደረገው እግሯን ሰቅላ ጭንቅላቷን ከፔዳሉ ሥር እንደከተተች። ብረቱ ወድቆ ጠፍቶ ነበር። ኮሪደሩ ላይ የባሏ ባርኔጣ የሚንጠለጠልበትን ሚስማር ነቅላ ከተተችው፤ ባርኔጣውን መሬት ላይ ትታው ሄደች። ልጅቷ ደህና ወለደች።

"በኋላ እህትህን ላዋልድ ስመጣ፣ በሩን ስትከፍትልኝ አወቅሁህ" አለች። "አንተ አላወቅኸኝም። የወጋ ቢረሳ…"

"ታዲያ ለምን አገባሽኝ?" አላት።

"እህትህ ስትጮኽ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለህ ስታለቅስ አየሁህ። ክፉ ሰው እንዳልሆንክ ገባኝ። ብዙ አሰብኩበት። ራሴን ልሰጥህ ቻልኩ። መኪናዋን ግን አልቻልኩም።"

ሊናገር ሲል ስልኩ ጮኸ። ሚስቱ አነሳችው፣ ሰማች፣ "ቀና ብላ አትሂድ፣ በጎኗ አስተኟት፣ መጣሁ" እያለች በአንድ እጇ መቀሶቹን በጨርቅ ጠቀለለች። የመጀመሪያ ልጇ ነው፣ ምጡ ፈጥኖባታል አለችው። ጋሽ ጆሮ ይቅርታ ለማለት ጊዜ አላገኘም፤ ቢያገኝም እንዴት እንደሚባል የሚያውቅ አይመስለኝም። የሚያውቀውን አደረገ። ሮጦ ወጥቶ የመሣሪያ ሣጥኑን ገለበጠ፣ ለቀዳዳው የሚመጥን ብሎን በጣቱ እየለካ መረጠ፣ እንደገና ተንጋለለና ከተተው። ብሎኑ ልክ ነበር፤ ማሰሪያው ዳዶ ግን ለዚያች ጠባብ ቦታ አይሆንም፣ መፍቻም አይዞርበትም።

"ክሩን ስጪኝ" አለ ከመሪው ሥር።

ክሩን ይዛ መጣች፤ አልሰጠችውም። በሌላኛው በር ገብታ ተንበርክካ እጇን ከእጁ ጎን አስገባች። እሱ ብሎኑን ያዘ፣ እሷ አሰረች፤ ሁለቴ ጠምጠም፣ ሳብ፣ ደግሞ ሁለቴ። የአገሩን መኪና ሁሉ የሚጠግነው መካኒክ ባትሪ ነክሶ የሚስቱን ጣቶች ከታች ወደ ላይ ሲመለከት ቆየ። እንዲህ ያለ ቋጠሮ እሱ አይችልም ነበር።

ከሥሩ ሲወጣ ቁልፉን ለሚስቱ አቀበላት። አልተቀበለችውም። ዞራ በተሳፋሪው ወንበር ተቀምጣ፣ ቦርሳዋን በጭኗ ላይ ከፍታ፣ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሐል አጣብቃ ምጥ ከያዛት ልጅ እናት ጋር ማውራት ጀምራለች።

ጋሽ ጆሮ በሩን ይዞ ቆመ። አራት ዓመት የጎመጀው መቀመጫ ባዶውን ይጠብቀዋል፤ ደስ ግን አላለውም። እስከዚያ ቀን ድረስ በቀያሹ የቀናው በአጥር፣ በበር፣ በማበጠሪያ ነበር፤ እነዚህ ሁሉ ከንቱ ነበሩ። አሁን ለመጀመሪያ ጊዜ እውነተኛ ምክንያት አገኘ። ያ ሰው ይህችን ሴት መንገድ ዳር አላስለቀሳትም።

"እኔ ነኝ የምነዳው?" አላት፤ ድምፁ የራሱ አልመስል አለው።

ሚስቱ ስልኩን ከአፏ ፈቀቅ አደረገች።

"ሌላ ማን አለ?" አለችው።

ገብቶ ተቀመጠ። ሞተሩን አስነስቶ ፔዳሉን ቀስ ብሎ እስከ መጨረሻው ረገጠው፤ የኋላው ማርሽ ድምፅ ሳያሰማ ገባ።